በቢዝነስ ክላስ የሚዘረጋው «ራስህ አንሳ» ቡፌ፦ ምቾት ነው ወይስ የአገልግሎት ቅነሳ?

መነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፤ የ71 ዓመት እናቴ በዐቢይ ጾም ወቅት ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት እግሯን ዘርግታ እንድትጓዝ ብዬ የቢዝነስ ክላስ ትኬት ቆረጥሁላት፤ የጾም ምግቧንም አስቀድሜ አዘዝሁ። አውሮፕላን ቀይራ ውቅያኖሱን ባቋረጠችበት ረጅም በረራ ላይ የመጀመሪያው ምግብ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ በአግባቡ ቀረበላት። ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ማስታወቂያ ተነገረ፣ መብራቱም ጠፋ፤ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ሁለተኛው ምግብ እስኪመጣ ድረስ ግን ወደ እርሷ ዞር ያለ ሰው አልነበረም። ከመጋረጃው ወዲያ ውሃ፣ ጭማቂ፣ ሙዝ፣ ለውዝና ብስኩት ተደርድሮ መንገደኛው ራሱ እንዲያነሳ የተዘጋጀ ስፍራ እንደ ነበረ ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ የአየር መንገዱን ገጽ ሳነብ ነው። እናቴ ሰዎች እየተነሡ ጠርሙስና ፍራፍሬ ይዘው ሲመለሱ አይታለች፤ ነገር ግን ገዝተው ወይም ከአስተናጋጆቹ ስንቅ ለምነው መስሏት አፏ እንደ ደረቀ ተቀምጣ አደረች። ይህን የነገረችኝም በስንት ጥያቄ ነው።

የአየር መንገዱን ስም አላነሳም፤ እኔን ያስጨነቀኝ የአንድ ድርጅት ጉዳይ ሳይሆን አሠራሩ ነውና። ጥያቄዬ የሚከተለው ነው፦ በከፍተኛው የክፍያ ደረጃ ምግብና መጠጥ ደርድሮ «ራስህ አንሳ» ማለት ለመንገደኛው የተጨመረለት ነጻነት ነው ወይስ ከአስተናጋጁ ሥራ የተቀነሰ ድርሻ? በርካታ ምላሾች ስለ መጡ፣ ዘግይቶ ለሚገባ አንባቢ እንዲመች በተራ ቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ።

በ1ኛው ምላሽ ለሥራ አዘውትሮ የሚጓዝ አንድ ወንድም ለእናቴ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ አሠራሩን በትሕትና ተከላከለ። በረጅም በረራ በሁለቱ ምግቦች መካከል ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚያልፍበት ጊዜ እንዳለ፣ በዚያ ሰዓት አንዱ እንደሚተኛ፣ ሌላው እንደሚሠራ፣ የሌላው ሆድ ደግሞ ገና በተነሣበት አገር ሰዓት እንደሚራብ አስረዳ። በእርሱ አስተያየት የሚተኛውን ሳይቀሰቅሱ የሚነቃውን ለመመገብ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ለምሳሌም የኤር ፍራንስን የረጅም ርቀት ቢዝነስ ክላስና የአሜሪካን አየር መንገድን ቦይንግ 777-300ኢአር ጠቀሰ፤ በሁለቱም መንገደኛው ተነሥቶ የሚያነሳበት መደርደሪያ አለ። ከዚሁ ጋር የኤምሬትስን ባለ ሁለት ፎቅ ኤ380 አውሮፕላን ባር ደባለቀበት፤ ለቀጣዩ እርማት በር የከፈተውም ይኸው ነው።

2ኛው ምላሽ አጭርና ጠቃሚ እርማት ነበር። ጸሐፊዋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ መሆናቸውን አስገነዘበች። ኤምሬትስ በ2008 እ.ኤ.አ. ኤ380ን ሥራ ሲያስጀምር በላይኛው ፎቅ የኋላ ክፍል ያበጀው ባር አስተናጋጅ የቆመበት፣ ሰው እየጠየቀ የሚቀዳበት ስፍራ ነው፤ የቨርጂን አትላንቲክም እንደዚሁ። በአንጻሩ ኤምሬትስ ራሱ በ2018 እ.ኤ.አ. ባደሳቸው 777-200ኤልአር አውሮፕላኖች የቢዝነስ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠው አነስተኛ ስፍራ መንገደኛው በገዛ እጁ የሚያነሳበት ነው። የአውስትራሊያው ቃንታስም ከሲድኒ ወደ ለንደንና ወደ ኒውዮርክ ያለ ማቋረጥ ሊበርባቸው ባዘዛቸው ኤ350-1000 አውሮፕላኖች ውስጥ በፕሪሚየም ኢኮኖሚና በኢኮኖሚ መካከል ውሃና ቀላል ምግብ የሚነሳበት ስፍራ ማቀዱን አክላ፣ አሠራሩ የባለጸጎች ብቻ እንዳልሆነ አሳየች። ልዩነቱ ለጥያቄዬ ወሳኝ ሆኖ አግኝቸዋለሁ፤ ባር የቆመበት ሰው አለው፣ መደርደሪያ ግን የለውም። እናቴ ያጣችው ሰውን ነው።

3ኛውን ምላሽ የጻፈችው ለ11 ዓመታት የበረራ አስተናጋጅ የነበረች እህት ናት፤ ከሁሉ የረዘመውም፣ እኔ ደጋግሜ ያነበብሁትም እርሱ ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ በአውሮፕላኑ ውስጥ ምን እንደሚሆን ብዙ መንገደኛ እንደማያውቅ ጻፈች። በረጅም በረራ አስተናጋጆቹ በሁለት ፈረቃ ተከፍለው ከጣሪያው በላይ በተዘጋጁ ጠባብ አልጋዎች ላይ በየተራ ያርፋሉ፤ ስለዚህ በእነዚያ ሰዓታት ከመጋረጃው ኋላ ያለው የሰው ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። በብዙ አገር ሕግ ለ50 መቀመጫ ቢያንስ 1 አስተናጋጅ የሚመደበው ሻይ ለመቅዳት ሳይሆን አደጋ ቢደርስ ሰው ለማስወጣት እንደ ሆነ፣ አንድ አውሮፕላን የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኘውም በግማሽ በሮቹ ብቻ መንገደኛውን ሁሉ በ90 ሴኮንድ ማስወጣት እንደሚቻል ታይቶ መሆኑን አስታወሰች። መደርደሪያው ሲዘረጋ በየደቂቃው የሚጮኸው የጥሪ ደወል ይቀንሳል፤ በዚህም አስተናጋጁ ትንፋሽ ያገኛል።

ነገር ግን ምስክርነቷን በዚህ አላቆመችም። በተገኘው ትንፋሽ በየተወሰነ ጊዜ በጨለማው መካከል ውሃ ይዞ መዞር፣ በተለይ አዛውንቶችን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ብቻቸውን የሚጓዙትን ጎንበስ ብሎ መጠየቅ የሥራው አካል እንደ ሆነ፣ ይህ ሳይደረግ ሲቀር ጥፋቱ የመደርደሪያው ሳይሆን መደርደሪያውን ሰበብ ያደረገው ሰው እንደ ሆነ በጠንካራ ቃል ጻፈች። የእኛን አገር እናቶች በመቀመጫቸው አቀማመጥ ትለያቸው እንደ ነበርም አወጋች፦ ቀበቷቸውን አይፈቱም፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ይሸፈናሉ፣ ሲጠየቁ በመጀመሪያ «ምንም አልፈልግም» ይላሉ፤ ሁለተኛ ሲጠየቁ ግን ይቀበላሉ። ሁለተኛ መጠየቅን የሚያስተምር የሥልጠና መጽሐፍ አላጋጠማትም።

ውይይቱ እስከዚህ ድረስ በመከባበር ሲሄድ 4ኛው ምላሽ ሸካራ ሆኖ መጣ። ጸሐፊው በዓረብ አገራት ሠርተው ሻንጣቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው በጠባብ መቀመጫ የሚመለሱ እህቶች እያሉ፣ ተጋድሞ ስለሚሄድ ሰው ሙዝ መወያየት አሳፋሪ ነው አለ። በ5ኛው አንድ ተሳታፊ ከእርሱ በላይ ተቆጥቶ መለሰ፦ ትኬቱ በትርፍ ሰዓት ሥራ የተገዛ ሊሆን እንደሚችል፣ የታመመ ጉልበት ሀብት እንዳልሆነ፣ ሰውን ሳያውቁ መፍረድም ነውር እንደ ሆነ። እኔ በበኩሌ የ4ኛውን ጸሐፊ አነጋገር አልወደድሁትም፤ ሆኖም ውስጡ እውነት አለበት። በኢኮኖሚ ክፍል የሚጓዙት እህቶቻችንም ውሃ ከኋላ እንደሚገኝ የሚነግራቸው ሳያገኙ በጥም የሚያድሩ ከሆነ፣ ጉዳዩ የትኬት ደረጃ አይደለምና ጥያቄው ለእነርሱም ይሁን ብዬ መለስሁለት፤ እርሱም ከዚያ በኋላ በለሰለሰ አነጋገር ተመልሶ ገብቷል።

6ኛው ምላሽ ከእስራኤል፣ ከነታንያ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ አባቷ ኮሸር የተባለውን የአይሁድ የምግብ ሥርዓት በጥብቅ እንደሚጠብቁና ለዚህም የሚታዘዘው ምግብ ድርብ ታሽጎ፣ ማኅተሙ ሳይነካ በመንገደኛው ፊት እንደሚከፈት ገለጸች። ታዲያ በታሸገው ምግብ የተጠበቀው እምነት መደርደሪያው ዘንድ ሲደርስ ጠባቂ ያጣል፤ ሳንድዊቹ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ብስኩቱ በምን ቅባት እንደ ተጋገረ የሚናገር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ አባቷ ልጣጩ ያልተነካ ብርቱካን ብቻ አንሥተው ይመለሳሉ። ለጾመኛውም እንደዚሁ ነው ብዬ አሰብሁ። የጾም ምግብ ከ24 ሰዓት በፊት ሲታዘዝ ስሙ ከመቀመጫ ቁጥር ጋር ተጽፎ ይመጣል፤ መደርደሪያ ግን የማንንም ስም አያውቅም። እናቴ ያንን ስፍራ ብታገኘው እንኳ ቅቤና ወተት ያለበትን ብስኩት ከሌላው ለይታ ለማንሣት የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋት ነበር።

በ7ኛው ምላሽ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ወጥ ቤት የሚሠራ ባለሙያ የሚደረደረው ነገር ስለምን ብስኩት፣ ቺፕስና ፍራፍሬ ብቻ እንደሚበዛው አብራራ። የበሰለ ምግብ በፍጥነት ቀዝቅዞ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት አለበት፤ በክፍት መደርደሪያ ላይ በብዙ እጅ እየተነካ ለሰዓታት ሲቀመጥ ግን ዋስትናው ይፈርሳል። ለዚህም በሙያው ሁሉም የሚማረውን የ1975 እ.ኤ.አ. የጃፓን አየር መንገድ በረራ አነሣ። ከቶኪዮ ተነሥቶ በአንከሬጅ በኩል ወደ ኮፐንሃገን ሲጓዝ በቁርስ በቀረበ ኦምሌትና ሥጋ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ፤ መነሻው ጣቱ ላይ ቁስል የነበረበት አንድ ምግብ አብሳይ ነበር፣ ምግቡም በቂ ቅዝቃዜ በሌለበት ቆይቶ ነበር፤ የተፈጠረውን መርዝም ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ዶሮ ወጥ የሚጠብቅ ሁሉ ምክንያቱን ይወቅ ሲል ደመደመ። አንድ አንባቢ እኛስ የጠበቅነው ውሃ ነው ብሎ ከሥሩ ጻፈበት፤ ባለሙያውም ተገቢ መሆኑን አመነ።

8ኛው ምላሽ ስለ አልኮል ነበር፤ በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት በአገሪቱ አየር መንገዶች ላይ ማንም ሰው አየር መንገዱ ራሱ ያላቀረበለትን አልኮል መጠጣት እንደማይችል አስታውሶ፣ መደርደሪያ በተዘረጋበትም ቢሆን የአስተናጋጅ ዐይን የግድ እንደሚያስፈልግ አሳሰበ። ብዙ አላከራከረም።

9ኛው ግን አከራከረ። ጸሐፊው አዛውንትን በጨለማ ተነሥተው እንዲሄዱ ማድረግ በራሱ አደጋ ነው ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ሲጓዝ በአየር መናወጥ የተመታውን የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን ጠቀሰ፤ የተጎዱትም በባሩ አጠገብ የቆሙት እንደ ነበሩ ጻፈ። በ10ኛው ምላሽ ይህ ስሕተት እንደ ሆነ ተነገረው፦ አውሮፕላኑ ቦይንግ 777-300ኢአር ሲሆን ባር አልነበረውም፤ የሆነውም በቁርስ ሰዓት ነው፤ አንድ የ73 ዓመት መንገደኛ ሲሞቱ በርካቶች ቆስለው አውሮፕላኑ ባንኮክ አርፏል። የ10ኛው ጸሐፊ አነጋገር ከሚገባው በላይ ሹል ነበር፤ ያልተጣራ ወሬ የሚያመጣ ሰው ከመድረኩ ይውጣ እስከ ማለት ደርሷል። እርማቱ ግን ትክክል ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ አየር መንገዱ የቀበቶ ምልክት በበራ ጊዜ ትኩስ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምግብም እንዳይቀርብ መወሰኑ፣ የ9ኛው ጸሐፊ ዋና ሐሳብ በሌላ መንገድ ሚዛን እንዲደፋ አድርጓል። አስተናጋጅ ጋሪውን አቁሞ እንዲቀመጥ የሚታዘዝበት ሁኔታ ካለ፣ ጉልበቷን የሚያማት የ71 ዓመት ሴት ኮሪደሩን ይዛ ሄዳ ውሃ ታምጣ ማለት ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

በ11ኛው ምላሽ አንድ የፊዚክስ መምህር ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፤ ከርዕሱ ወጣ ያለ ቢመስልም ወደ እናቴ ጥም መልሶ ያመጣን እርሱ ነው። በ787 እና በኤ350 አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ካለ ስፍራ ጋር ስለሚስተካከል፣ መንገደኛው በባሕር ዳር ከተማ እንደ ተቀመጠ ያህል ይቆጠራል። በሌሎች አውሮፕላኖች ይህ ከፍታ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና የአዲስ አበባ ሰው በከፍታው አይደነግጥም፤ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላበትን ሻይም ለምዶታል። ባዕድ የሚሆንበት ድርቀቱ ነው። በበረራ ላይ የአየሩ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል፤ አፍና አፍንጫ ይደርቃሉ፣ ጣዕምም ይደክማል። የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ ከፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም ጋር በመሬት ላይ ባስቀመጠው የኤ310 አውሮፕላን አካል ውስጥ ባስጠናው ጥናት የጨው ጣዕም ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ የስኳር ጣዕም ከ15 እስከ 20 በመቶ ደክሞ መገኘቱን፣ የቲማቲም ጭማቂ ግን በአየር ላይ የበለጠ እንደሚጥም ጠቅሶ፣ ጾመኛ ሁሉ ይህን ጭማቂ እንዲጠይቅ መከረ። ምክሩን ወድጄዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ውሃ ቅንጦት አለመሆኑን በቁጥር ስላስረዳልን አመስግኜዋለሁ።

12ኛው ምላሽ አንድ አባት የጻፉት ነው። ሳይቸኩሉ፣ ማንንም ሳይነቅፉ፣ እኛ ቡፌን ከአውሮፕላን አልተማርንም ሲሉ ጀመሩ። በሠርግ ቤት ቡፌ ሲነሳ ወጣቱ ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ሽማግሌዎችና እናቶች ግን በተቀመጡበት ሆነው የቤቱ ልጆች አንሥተው ያቀርቡላቸዋል፤ ጾመኛ ካለ ተጠይቆ የጾሙ ይለይለታል። ማንም ለሽማግሌው ተነሥተው ያንሱ አይልም፤ ወጣቱንም ቁጭ በልና ይምጣልህ የሚለው የለም። በአንድ ድንኳን ውስጥ ሁለት አቀራረብ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ሁለቱንም የሚያገናኘው እጅጌውን ሰብስቦ በመካከል የሚመላለሰው አስተናባሪ ነው። እኚህ አባት በቦሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የክላውድ ናይን ማረፊያ ክፍልም ያዩትን አነሡ፦ ምግቡን ሰው ራሱ ያነሳል፣ ቡናውን ግን ጀበናው ዘንድ የተቀመጠች ልጅ ቀድታ ትሰጣለች። ጥያቄዬን ሳቀርብ «ነጻነት ነው ወይስ ቅነሳ» ብዬ ከሁለት አንዱን ምረጡ ማለቴ ስሕተት እንደ ነበረ የገባኝ በዚህ ምላሽ ነው። መደርደሪያው ለሚነሣው ይቅር፤ ለማይነሣው ደግሞ የሚያነሳለት ይመደብለት።

13ኛው ምላሽ ሰጪ በዚህ አልተስማማም። አየር መንገድ ሠርግ ቤት እንዳልሆነ፣ በየመቀመጫው የጥሪ ደወል እንዳለ፣ ማስታወቂያም እንደ ተነገረ፣ ሰው ደግሞ ለከፈለበት ነገር እጁን መዘርጋት መልመድ እንዳለበት ቆረጥ አድርጎ ጻፈ። ይሉኝታ የእኛ ችግር እንጂ የአየር መንገዱ ዕዳ አይደለም የሚለው ሐሳቡ ብዙዎችን አስቆጣ፤ አንዲት ተሳታፊ በ14ኛው፣ ማስታወቂያው በማያውቁት ቋንቋ የተነገራቸው ሰው ምን እንዲለምዱ ነው የሚፈለገው ብላ ጠየቀችው። እኔ ግን በከፊል ትክክል ነው እላለሁ። እናቴ ደወሉን ታውቀዋለች፤ ያልተጫነችው ሰው ላለማስቸገር ነው። ጎረቤት ቤት ገብታ ጠምቶኛል የማትል ሴት በሰማይ ላይ ደወል ትጫናለች ብዬ ያሰብሁት እኔ ነኝና፣ አስቀድሜ ላስረዳት ይገባኝ ነበር።

በ15ኛው ምላሽ የቀድሞዋ አስተናጋጅ ተመልሳ መጣች፤ ክርክሩንም ትታ ወደሚደረገው ነገር ገባች። ትኬት ሲቆረጥ መንገደኛዋ አዛውንት መሆናቸውንና ቋንቋ የማይችሉ መሆናቸውን አስመዝግቦ የእርዳታ አገልግሎት መጠየቅ እንደሚቻል፣ ይህም ለአስተናጋጆቹ በሚሰጠው የመንገደኞች መረጃ ላይ ሊሰፍር እንደሚችል ገለጸች። ከዚህም ይልቅ የሚሠራው ግን ወረቀት ነው አለች፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ካርድ፣ በላዩም ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም፣ እባክዎ ሲያልፉ ሁሉ ውሃ ይስጡኝ፣ ከመደርደሪያውም ፍራፍሬ ያምጡልኝ የሚል። መንገደኛዋ ከመነሳት በፊት፣ አስተናጋጇ ካፖርት ለመስቀል ስትመጣ ይስጧት፤ ደወል መጫን ያሳፈራቸው ወረቀት መስጠት አያሳፍራቸውም ስትል ከልምዷ መሰከረች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምላሾች አጫጭር ናቸው። በ16ኛው 4ኛው ጸሐፊ ተመልሶ ካርዱ ለኢኮኖሚ መንገደኛም እንዲስማማ የመደርደሪያው ዐረፍተ ነገር በሌላ እንዲተካ አሳሰበ፤ ተቀባይነትም አገኘ። በ17ኛው ከነታንያ የጻፈችው እህት ለኮሸር የሚሆነውን ቅጂ አዘጋጀች። በ18ኛው ካርዱ በዓረብኛም ይጻፍ የሚል ጥያቄ ቀርቦ በዱባይ የሚኖር አንድ ወንድም በዚያው ምሽት ተርጉሞ አመጣው። በ19ኛው ደግሞ አንዲት እናት፣ የያዘው ሰው ራሱ የሰጠው ምን እንደሚል እንዲያውቅ የካርዱ ጀርባ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይጻፍበት ብለው ጠየቁ፤ እኔ ያላሰብሁት ነገር ነበር። አማርኛውን ጽፌያለሁ፤ ለኦሮምኛውና ለትግርኛው ከእናንተ የሚችል ሰው እየጠበቅሁ ነው። እናቴ የምትመለሰው ለፍልሰታ ጾም ነው፤ ካርዷን በፓስፖርቷ ሽፋን ውስጥ አስገብቼላታለሁ፣ ትናንት ማታም መነጽሯን አድርጋ ጀርባውን አንብባዋለች።